የማይሸጠው ጨው

የልጅ ልጄ ሊያ ከእንግሊዝ አገር ስትመለስ አንዲት ትንሽ የቆዳ ቦርሳ አመጣችልኝ። የመነጽር ማስቀመጫ ናት አለችኝ፤ እኔ ግን መቁጠሪያዬን ላኖርባት ነው። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋት አዲስ ጠፍር ሸተተችኝ፣ ሞራ ጠግቦ የታሸ፣ ገና ያልደረቀ። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን፣ ከታች የሚታየው የገበያ አዳራሽ፣ ሲወጣና ሲወርድ የሚያፏጨው ሊፍት፣ ሁሉም ድራሹ ጠፋና የልጅነቴ ሐሙስ ገበያ ዋርካው ሥር፣ ጠፍር ሻጩ ጋሼ መኩሪያ አጠገብ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። ገሳዬን ደርቤ። ዝናብ እየወረደብኝ።

"ከየት ገዛሻት?" አልኳት።

"ከገበያ፣ እማማ። አንድ ሽማግሌ ነው የሚሸጠው። አባቱም ኦፓውም እዚያው ቦታ ላይ ይሸጡ ነበር አለኝ።" ኦፓ የምትለው አያትን ነው።

ከክፍሏ ልጆች ጋር ሄዳ አንድ የገጠር ከተማ ነው የሰነበተችው። አሁን ደግሞ ስለዚያ ከተማ ሬፌራት አለባት፤ ክፍሉ ፊት ቆማ ልትናገር ነው። መለማመጃዋ እኔ ነኝ። እናቷ ሰናይት ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ጣቢያው፣ ነው የምትሠራው፤ የማለዳ ሥራዋን ጨርሳ እስካሁን መግባት ነበረባት። ውጪ በረዶው ይወርዳል። ስልኳ አይነሳም። "ባቡሩ ቆሞ ይሆናል፣ እማማ፣ አይጨነቁ" ትለኛለች ሊያ። አልጨነቅም አልኩ። ሻሌን አውልቄ ሰናይት የምትቀመጥበት ወንበር ላይ አደረግሁና "ንገሪኝ እስቲ" አልኳት።

ከተማዋ ስሟ ራሱ ከገበያዋ ነው አለች። ዱሮ ንጉሡ በሳምንት አንድ ቀን ገበያ እንዲቆምላት ፈቀደላት። መሐል አደባባይዋ ላይ የድንጋይ መስቀል አለ፤ ዙሪያውን ደረጃ፣ ቅቤና እንቁላል የሚሸጡ ሴቶች ይቀመጡበት የነበረ። ከድንጋይ የተፈለፈለ የእህል መስፈሪያም አለ፤ ማንም እንዳያጭበረብር ሁሉም በሱ ነበር የሚሰፈርለት። ደወል ሳይደወል ደግሞ ማንም አይሸጥም።

"ደወሉ ሲደወል ባዶ የተገኘ ቦታ ካለ ለመጣው ሰው ይሰጣል" አለች ሊያ።

ይቺን ስሰማ አቋረጥኳት።

"ባለቤቱ መንገድ ላይ ቢሆንስ?"

ሊያ ከወረቀቷ ቀና አለች። "ፔሽ፣ እማማ።"

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ባቡር ሲያመልጠን የምትለው ነው፣ የራስህ ጉዳይ እንደማለት። "እንዲህማ አይሆንም" አልኳት። ከዚያ ወዲያ ሬፌራቱ ቀርቶ እኔ ሆንኩ ተናጋሪዋ።

የኛም ከተማ ስሟ ከገበያዋ ነው። ሐሙስ ገበያ። በፊት ምንም አልነበረም ይላሉ፣ ዋርካው ብቻ። ከቆላ ጨው ጭነው የሚወጡ ነጋዴዎች ዳገቱን ሲጨርሱ እሱ ሥር ያርፋሉ። የደጋው ሰው እህሉን ተሸክሞ ይወርድና ይለዋወጣሉ። መጀመሪያ ዋርካው፣ ቀጥሎ ገበያው፣ ኋላ ቤቱ፣ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያኑ መጣ። ቄሱ ግን ይህ ሲወራ ይቆጡ ነበር፤ "ቤተ ክርስቲያን ይቀድማል!" ይሉና ጨዋቸውን ገዝተው ይሄዳሉ።

ሁሉም ተራ ተራ አለው። የእህል ተራ፣ የቅቤ ተራ፣ የበርበሬ ተራ፣ ከታች ወደ ወንዙ የከብት ተራ። የጨው ተራ ግን ዋርካው ሥር ነው፣ ከሁሉ ቀድሞ የመጣ ስለሆነ። የአባቴ ቦታ ከዋርካው ትልቁ ሥር አጠገብ ነበረች። በአራቱ ማዕዘኗ ድንጋይ ተተክሎላታል። ከአባቱ ነው የወረሳት፣ አባቱም ከአባቱ።

ታዲያ የሐሙስ ገበያ ሕግ እንዲህ ነው። ጠዋት ገበያው ሳይሞላ የገበያው ዳኛ አባ ይመር ዘንጋቸውን ይዘው በየተራው ይዞራሉ። ባዶ ቦታ ሲያገኙ መሬቱን መታ አድርገው የባለቤቱን ስም ይጠራሉ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ዕቃ ይዞ ተቀምጦ "አለ!" ካለ አለ ነው። ሁለት ሦስት ገበያ መልስ ከጠፋ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አንዴ ከተሰጠ ደግሞ ንጉሥ ቢመጣ አይመለስም።

አባቴ አስፋው በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ በቅሎዎቹን ነድቶ ጨው ሊያመጣ ቆላ ወረደ። "ወንዞቹ ሳይሞሉ እመጣለሁ" ብሎ ነበር። ወንዞቹ ሞሉ፣ እሱ አልመጣም። እናቴ ሰኔ ላይ ወንድሜን ወለደች፤ አራስ ናትና ከቤት አትወጣም። የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘርፌ በርበሬ ተራ የራሷ ቦታ አላት፤ የሷን ትታ የሱን ብትይዝ የሷ ይወሰዳል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ጥርሴ ገና በመውለቅ ላይ ነበር።

እትዬ ዘርፌ ከመደቡ ሥር የቀረችውን አንዲት አሞሌ ጨው አወጣች። ከክንዴ ትረዝማለች፣ በሰሌን ታስራለች።

"ይቺን ይዘሽ የአባትሽ ቦታ ቁጭ በይ። አባ ይመር ሲጣሩ 'አለ' በይ።"

"የለም እኮ፣ እትዬ።"

"አለ በይ አልኩሽ!" ቁጣዋ አስደነገጠኝ። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እንዳትሸጪያት። ሌላ የለንም። ማንም መጥቶ ተነሺ ቢልሽ ደግሞ እንዳትነሺ። ሰማሽ? ማንም!"

በመጀመሪያው ሐሙስ አባ ይመር ሲመጡ አሞሌዋን አቅፌ ቀና ብዬ አየኋቸው። ረጅም ሰው ናቸው፤ ነጭ ጥምጣማቸውን ከታች ሆኜ ሳየው ደመና ይመስለኛል። ዘንጉ መሬቱን ሲመታ በቂጤ በኩል ተሰማኝ።

"የአስፋው ቦታ!"

"አለ!"

"ምን ይዞ?"

"ጨው!"

ከጎኔ ጠፍርና አለንጋ የሚሸጠው ጋሼ መኩሪያ ሳቁን ለቀቀው። "ኧረ አስፋው! ምነው ድምፅህ እንዲህ ቀጠነ?" ተራው ሁሉ ሳቀ። አባ ይመር አልሳቁም፤ አሞሌዬን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አለፉ።

ያ ካለፈ በኋላ ነው ሌላ ጭንቅ የመጣው። ገዢ መጣ!

"ልጄ፣ ጨው በስንት ነው?"

"አይሸጥም።"

"ታዲያ ለምን አወጣሽው? ፀሐይ ልታሞቂው ነው?"

"ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው።"

ሴትዮዋ ጓደኞቿን ጠርታ አሳየቻቸው። በሁለተኛው ሐሙስ ስሜ የሺ መሆኑ ቀረና "አይሸጥም" ተባልኩ። "አይሸጥም መጣች! አይሸጥም፣ ዛሬስ ቀነሰ?" ይሉኛል። ጋሼ መኩሪያም ይጨምርበታል፤ "ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል" እያለ አሞሌዬን ይመክራታል።

የጨው ገዢ ሳይቀምስ አይገዛም። ጣቱን በምራቁ ያርስና አሻሽቶ ይልሳል። አይሸጥም እያልኩም አላፊ አግዳሚው ጣቱን ይሰዳል። እያንዳንዷ ጣት አንጀቴን ትቆርጠው ነበር። ፍየልም አለች፣ ከከብት ተራ አምልጣ በቀጥታ ወደኔ የምትመጣ፤ ማን እንደነገራት አላውቅም። ከሁሉ የከፋው ግን ዝናቡ ነው። ጨው ደግሞ ዝናብ አይችልም። ገሳዬን አውልቄ ለአሞሌዋ አለብሳትና እኔ እረጥባለሁ። ከዋርካው ቅጠል የሚወርደው ጠብታ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ እንደ ጠጠር ነው።

ማታ ቤት ስገባ እትዬ ዘርፌ አሞሌዋን ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ትሰቅላታለች፣ እንድትደርቅ። እናቴ ከአልጋዋ ሆና "ምን አሉ?" ትለኛለች።

"አለ አልኩ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

አንድ ቀን ግን እናቴ አሞሌዋን አምጪልኝ አለች። ሰጠኋት። በመዳፏ ዳበሰቻትና "ምነው እንዲህ ከሳ?" አለች። ለጨው እንዲህ አይባልም። እኔ ሳስበው ስለ አባቴ ነው የጠየቀችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እሱና አሞሌዋ አንድ ሆኑብኝ። አሞሌዋ ስትቀንስ እሱም እየቀነሰ፣ ዝናብ ሲነካት እሱም የሆነ ገደል ሥር እየበሰበሰ። ያለቀች ዕለትስ? እዚህ ላይ ሐሳቤን አቆመዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የልጅ ጭንቅ እንዲህ ነው፤ ትልቅ ሰው የሚያውቀው ይመስለዋልና አይናገረውም።

በዚህ ላይ የጋሼ መኩሪያ ቁርበት ነበር። ጠፍሮቹን የሚዘረጋበት ትልቅ የበሬ ቁርበት አለው፣ ያ የሞራ ሽታ ከሱ ነው የሚመጣው። ክረምቱ ሲከር ቁርበቱ የማዕዘኑን ድንጋይ አልፎ ወደ አባቴ ቦታ መግባት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ጣት፣ ቀጥሎ አንድ ስንዝር። እኔ በእግሬ ገፋ አደርገዋለሁ። እሱ መልሶ ይዘረጋዋል።

"አንቺ ልጅ፣ ቁርበቴ ምን አደረገሽ?"

"ድንጋዩን አልፏል።"

"ቁርበት ዝናብ ሲነካው ይሰፋል፣ አታውቂም?"

ለእትዬ ዘርፌ ስነግራት ከንፈሯን ነከሰች። "ልጁን ሊድር ነው፤ አጠገቡ ሊያስቀምጠው ቦታ ይፈልጋል። ዓይንሽን ከሱ ላይ እንዳታነሺ።" እኔም አላነሳሁም። ጋሼ መኩሪያ ግን ቆሎ ይሰጠኛል፤ ትኩስ፣ ሱፍ የገባበት። ጉቦ ነው ብዬ አንድ ቀን እምቢ አልኩ። በሁለተኛው ቀን ራበኝ። ቆሎውን በላሁ፣ ቁርበቱን ገፋሁ።

ነሐሴ ላይ ከቆላ የመጣ አንድ መንገደኛ አደረ። ወንዝ በቅሎ ነጂ ወስዷል ብሎ አወራ። ማንን እንደወሰደ አላወቀም። በማግሥቱ ሐሙስ ነበር። ገበያው ሁሉ ተለወጠብኝ። "አይሸጥም" ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ። ጣቱን የሚሰድ ሰው የለም። ሴቶቹ ሲያልፉ "አይዞሽ" ብቻ ይሉኛል። አይዞሽ ሲበዛ ልጅም ይገባዋል። ቅጽል ስሜ ናፈቀኝ ብል ታምኑኛላችሁ? አባ ይመርም ቦታችን ሲደርሱ መሬቱን አልመቱም፤ ዘንጋቸውን ቀስ ብለው አሳረፉት። እኔ ግን ከወትሮው ይልቅ ጮኬ "አለ!" አልኩ። ጩኸቴ ራሴን አስደነገጠኝ።

ዘመን ተለወጠ። አደይ አበባው ወጣ፣ ዝናቡ እየሳሳ ሄደ፣ አሞሌዋም ሳሳች። ሰሌኗ ወልቆ ወድቋል። ለመስቀል ጥቂት ሲቀር አውራ ጣቴን አክላ ቀረች፤ መሬት ላይ ሳስቀምጣት ትጠፋለችና በመዳፌ ያዝኳት።

"የአስፋው ቦታ!"

"አለ!"

"ምን ይዞ?"

መዳፌን ከፈትኩ። አባ ይመር ጎንበስ ብለው አዩ።

"ልጄ" አሉ፣ "ይሄ ዕቃ አይባልም። እኔም የማይባለውን ተባለ ብል ገበያው ነገ አይሰማኝም።"

መዳፌን አላጠፍኩም። ያኔ ጋሼ መኩሪያ ወስፌውን ይዞ ብድግ አለ።

"ጨው ነው! ካላመኑኝ ይቅመሱት።"

"መኩሪያ!" አሉ አባ ይመር። "ቦታውን ለልጄ ይሰጠኝ ብለህ ቤቴ ድረስ የመጣኸው አንተ አይደለህም እንዴ?"

"ነኝ። ሞቶ ከሆነ ዛሬም እፈልገዋለሁ። ግን ጨው ጨው ነው!" ጎንበስ ብሎ የቁርበቱን ጠርዝ ገለጠ። ድንጋዩን ባለፈው በኩል፣ ከቁርበቱ ሥር፣ ጠባብ ቦይ ተቆፍሯል፤ ከዋርካው ሥር የሚወርደው ጎርፍ ወደኔ እንዳይመጣ ወደሱ ዞሮ እንዲፈስ ነው። ቁርበቱ ቦዩን ከሚያልፈው ሰው እግር ይሸፍነው ነበር። "ክረምቱን ሙሉ ዕቃዬን ያበሰበስኩት ለጠጠር ነው እንዴ ታዲያ?"

እግሬን ሰበሰብኩ። ያን ሁሉ ሐሙስ ቁርበቱን የገፋሁበትን እግሬን።

አባ ይመር ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው መዳፌ ላይ ነካ አደረጉና ቀመሱ። "ጨው ነው" አሉ። "እስከሚመጣው ሐሙስ።" ሄዱ።

የሚመጣው ሐሙስ መስቀል ካለፈ በኋላ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች። አሞሌዋ የባቄላ ፍሬ አክላለች፤ ላቤ እንዳያሟሟት በቅጠል ጠቅልያታለሁ። አባ ይመር ገና እህል ተራ ናቸው፣ የዘንጋቸው ድምፅ ይሰማኛል። አንድ ሰው ከፊቴ መጥቶ ቆመ። ራሱ ተላጭቷል፣ ዱላ ተመርኩዟል፣ ጉንጩ ገብቷል። እኔ እግሩን ነው ያየሁት፤ የተሰነጠቀ፣ በቀይ አፈር የተለሰነ። የቆላ አፈር።

"ልጄ፣ ጨው በስንት ነው?"

"አይሸጥም።"

"ለምን?"

"ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው።"

ዱላው ላይ ጎንበስ አለ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ "የት ደረሰ ይላሉ?" አለኝ።

ተናደድኩ። "እኔ ምን አውቃለሁ? ሲመጣ ይጠይቁት!"

ሰውዬው ተንበርክኮ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ በገዢ በኩል፣ ከድንጋዮቹ ውጪ። የጋሼ መኩሪያ ወስፌ ከእጁ ወደቀ።

"የሺ" አለ ጋሼ መኩሪያ፣ "ተነሺለት።"

"አልነሳም! እትዬ ዘርፌ ማንም ቢመጣ አትነሺ ብላኛለች!"

ያኔ ሰውዬው ሳቀ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ በአፍንጫው ነው የሚመጣው። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁ። ወባ አጥንቱን አውጥቶታል፣ በቅሎዎቹን ወንዝ በልቷቸዋል፣ ይህን ሁሉ ኋላ ነው የሰማሁት። በዚያች ሰዓት ያየሁት አባቴ እንደ አሞሌዬ መክሳቱን ነው፤ እንዳሰብኩት።

አባ ይመር ደረሱ። አዩን። ዘንጋቸውን መቱ፣ ጠንከር አድርገው።

"የአስፋው ቦታ!"

"አለ!" አልኩ እንደለመድኩት።

ምን ይዞ ብለው አልጠየቁም።

አባቴ ቅጠሉን ከእጄ ወስዶ ፈታው። ያቺን የባቄላ ፍሬ የምታህል ጨው አያትና አፉ ውስጥ ጣላት። ጩኸቴን አቀለጥኩት። ከበርበሬ ተራ እትዬ ዘርፌ ምን ነካት ብላ ነጠላዋን እየጎተተች ስትሮጥ ይታየኛል። እኔ አፉን ይዤ እጮሃለሁ፣ እሱ ግራ ገብቶት ጉንጩን ያንቀሳቅሳል። ሟሙታ እስክታልቅ ጠበቅሁ። ያቺ ጨው አለቀች። እሱ አለ። ጉንጩ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኑ ያየኛል፣ አለ።

ሊያ እርሳሷን አገጯ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር። በረዶው አላቆመም። መስኮቱ ጠቁሯል። ስልኩን እንደገና አነሳች፣ ሞከረች፣ አስቀመጠች። ከዚያ ዓይኗ ወደ እናቷ ወንበር ሄደ፣ ወደ ሻሌ። በእርሳሷ ጠረጴዛውን መታ አደረገችና፣ ቃሉን እየፈለገች፣

"የሰናይት ቦታ!" አለች።

ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

"አለች!" አልኩ። ልክ እንደዚያን ጊዜ፣ የጫጩት ድምፅ ነው የወጣኝ።

"ምን ይዛ?"

"ሻል!"

ሊያ ልትስቅ ስትል ሊፍቱ ከታች አፏጨ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ወጣ፣ ወጣ፣ አንዱን ፎቅ አለፈ፣ ሌላውንም አለፈ። እኛ ፎቅ ላይ ቆመ። ቁልፍ በራችን ላይ ሲዞር ሰማሁ።

ሻሌን ከወንበሩ ላይ አነሳሁ።